ስለ ጠፋ ውሻና ስለ ፈላጊው

ውሻ ከሰው ጋር መኖር የጀመረው በሬ ከመጠመዱ፣ ፈረስም ከመለጎሙ አስቀድሞ ነው። በጀርመን አገር በቦን ከተማ አጠገብ፣ ኦበርካሰል በሚባል ስፍራ፣ እ.ኤ.አ. በ1914 አንድ የጥንት መቃብር ተገኘ፤ ዕድሜውም 14,000 ዓመት ያህል ነው። በመቃብሩ ውስጥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ነበሩ፤ ከእነርሱም ጋር ውሻ ተቀብሮ ነበር። በመጽሐፈ ጦቢትም ጦብያ ወደ ሩቅ አገር በሄደ ጊዜ ውሻው እንደ ተከተለው ተጽፏል። ያ ውሻ በታሪኩ ውስጥ ሌባ አልያዘም፤ አውሬም አልገደለም። መከተሉ ብቻ ለመጻፍ በቃ።

በኢትዮጵያ የውሻ ክብር ከደጅ አያልፍም። ስሙ ለስድብ ይጠራል፤ ምግቡ ትራፊ ነው፤ አዳሩም በብርድ ነው። ቢሆንም «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብሎ የመሰከረለት ይኸው የሚሰድበው ሰው ነው። ዋጋው የሚታወቀውም እርሱ ሲጮኽ አይደለም፤ ሲጮኽማ ሁሉም «ዝም በል!» ይለዋል። የሚታወቀው ጠፍቶ ደጁ ዝም ያለ ሌሊት ነው።

ውሻ ከቤቱ በብዙ ምክንያት ይወጣል። አንዱ ጓደኛ ፈልጎ ይሄዳል፤ ሌላው የሥጋ ሽታ ተከትሎ ይሄዳል። እንደነዚህ ያለው እያነፈነፈ ስለሚሄድ መንገዱን ያውቃል፤ ሲጠግብ ወይም ሲደክመው ይመለሳል። ክፉው በድንጋጤ የጠፋው ነው። የሰው ጆሮ በአንድ ሰከንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ይሰማል፤ የውሻ ጆሮ ግን ከ40,000 የሚበልጠውን እንኳ ይሰማል። ስለዚህ ርችት ሲተኮስ ሰው የማይሰማው ፉጨት ሁሉ ወደ ጆሮው ይገባል፤ ከየት እንደ መጣም፣ መቼ እንደሚያልቅም አያውቅም። እንዲህ ሆኖ የሸሸ ውሻ የሚሄድበትን አይመርጥም፤ የሚርቅበትን ብቻ ይመርጣል።

በ2001 ዓ.ም. በመስቀል ዋዜማ፣ መስከረም 16 ቀን ዓርብ ማታ፣ በአዲስ አበባ ከሽሮ ሜዳ በላይ የሚኖር አንድ ሽማግሌ ውሻው ጠፋበት። ሽማግሌው ዕድሜውን ደብዳቤ በማደል ሠርቶ በጡረታ ያረፈ ሰው ነበረ። ከእርሱ ጋር የሚኖሩት የአሥር ዓመት የልጅ ልጁና አንዲት ሠራተኛ ብቻ ነበሩ። ውሻው ቡቺ ይባላል፤ መልኩ ቀይ ነው፤ በደረቱ ላይ ነጭ አለበት፤ የግራ ጆሮውም ጫፍ የተቀደደ ነው። ደመራው ተለኩሶ የሰፈሩ ልጆች ርችት ከተኮሱ በኋላ ሽማግሌው ፍርፋሪ ይዞ ወደ ደጅ ቢወጣ ውሻውን አጣው። በአጥሩ ጥግ ቆርቆሮው ተገልብጦ ነበር፤ በስለቱም ላይ ጥቂት ቀይ ጠጉር ቀርቶበት አገኘ።

ሠራተኛይቱ ውሻው ሲወጣ አይታ ነበር፤ ነገር ግን ቁጣ ፈርታ ዝም አለች። ሽማግሌውም ፊትዋን አይቶ፣

«ልጄ፣ የሚቆጣሽ የለም፤ ሰዓቱን ብቻ ንገሪኝ» አላት።

«አባባ፣ ከመጀመሪያው ርችት ጋር ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ወደ ላይ ነው የሮጠው» አለች።

በብዙ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የመጀመሪያው ሰዓት የሚያልቀው በሩን ማን እንደ ከፈተው በመከራከር ነው። በዚያች ሰዓት ውስጥ ውሻው አንድ ኮረብታ ያልፋል። በዚህ ቤት ግን አንዲት ለስላሳ ቃል መንገዱንም ጊዜውንም ገለጠች፤ ፈላጊዎቹ ወደ ገበያው ወርደው ሌሊቱን በከንቱ ከማሳለፍ ዳኑ።

የልጅ ልጁና የጎረቤት ልጆች ግን ምክር አልጠበቁም። ባትሪ ይዘው «ቡቺ! ቡቺ!» እያሉ ወደ ዳገቱ ሮጡ። በጅረቱ ዳር ካለው ቁጥቋጦም ውስጥ ዐይኑ ሲያበራ አዩት። ልጁ «አገኘነው!» ብሎ ቢንደረደርበት፣ ውሻው ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደገውን ልጅ ፈጽሞ እንዳላወቀ ሆኖ በጨለማው ውስጥ ወደ ተራራው ተፈተለከ። ልጁም እያለቀሰ ተመለሰ።

«አባባ፣ ቡቺ ጠላኝ» አለ።

«አልጠላህም፤ አላወቀህም። የፈራ ሰው ስንኳ የሚጠራውን ከሚያሳድደው አይለይም» አለው ሽማግሌው።

ይህ ነገር ውሻ ለሚወዱ ሰዎች ሁሉ እጅግ ከባድ ነው። ውሻችን ድምፃችንን ቢሰማ ይመጣል ብለው ያምናሉ። እውነት ነው፤ በሰላም ቀን ይመጣል። ነገር ግን በድንጋጤ የሸሸ ውሻ የሚሮጥበትን ሁሉ ጠላት አድርጎ ያያል፤ የሚጮኽበትንም ሁሉ ይሸሻል። አሥር ሰው ሲፈልገው አሥር ጊዜ ይርቃል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለወጥ ቤት ብቻ አይደለም። ሽማግሌው ልጆቹን ወደየቤታቸው ሰደዳቸው፤ ራሱም እስኪነጋ ድረስ ተቀመጠ። እንዲህ መቀመጥ ከመሮጥ ይልቅ ያደክማል።

ያሳሰበው ግን ብርዱ ወይም ረኃቡ አልነበረም። ባለቤት የሌለው የሚመስል ውሻ በሰፈር ውስጥ ሲሮጥ ሰው ድንጋይ ያነሣል፤ ይህንም የሚያደርገው በጭካኔ ብቻ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያመልጥ የለም ማለት ይቻላል። በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍበትም ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ በውሻ ምክንያት ነው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ያበደ ውሻ የነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዮሴፍ ማይስተርን በክትባት አዳነ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው መከላከያ አገኘ እንጂ ፍርሃቱ አልጠፋም፤ መጥፋትም አይገባውም። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። ፓስተር የሞተው እ.ኤ.አ. በ1895 ሴፕቴምበር 28 ቀን ነው፤ ይህ ቀንም ስለ በሽታው በዓለም ሁሉ ይታሰባል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀኑ ብዙውን ጊዜ መስከረም 18፣ ማለት የመስቀል ማግሥት ይሆናል። ሽማግሌው ይህን ያውቅ እንደ ሆነ አይነገርም፤ ነገር ግን ቅዳሜ ጧት ከቤቱ ሲወጣ የቡቺን የክትባት ወረቀት አጥፎ በኪሱ ያዘ። ለየዘበኛው፣ ለየባለሱቁም እያሳየ፣ «ጤነኛ ነው፤ ብታዩት አትውገሩት፤ አትከተሉትም፤ ወዴት እንደ ሄደ ብቻ ንገሩኝ» እያለ ለመነ።

ደብዳቤ ሲያድል የኖረ ሰው መጠየቅን ያውቃል። «ቀይ ውሻ አይታችኋል?» አላለም። እንዲህ ቢል ኖሮ፣ በበዓል ቀን ሽማግሌ ማሳዘን የማይወድ ሁሉ «አዎን፣ አይተናል» ባለው ነበረ። እርሱ ግን «ከትናንት ማታ ወዲህ በዚህ መንገድ ምን እንስሳ አለፈ?» ይላል፤ ከዚያም ስለ ጆሮውና ስለ ደረቱ እነርሱ ራሳቸው እስኪነግሩት ይጠብቃል። በዚህ አኳኋን አንዱን ነጭ እግር ያለውን፣ አንዲቱንም እንስት ውሻ ከመንገዱ ላይ አስወገደ። እኩለ ቀን ሲሆን ከእንጦጦ ማርያም የምትመለስ አንዲት አሮጊት አገኘ። ይህች ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት ናት።

«አባቴ» አለች አሮጊቲቱ፣ «ጆሮው የተቀደደ አንድ ውሻ ከመንገዱ በላይ ከባሕር ዛፉ ውስጥ ቆሞ ሲያየኝ ነበር። የያዝሁትን ዳቦ ብወረውርለት ሸሸ።»

ስለ ጆሮው እርስዋ ራስዋ ስለ ተናገረች ሽማግሌው ወደ ላይ ወጣ። እንጦጦ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ወራትም ሣሩ አድጎ፣ አደይ አበባው ሜዳውን ሸፍኖት ስለ ነበረ፣ ተኝቶ ያለ ውሻ ቀርቶ ጥጃ እንኳ አይታይም። ነገር ግን በበዓልም ቀን ቢሆን በግ መጋጥ አለበትና፣ በዚያ አንድ እረኛ ልጅ ነበረ። ሽማግሌውን ሰላም ብሎ ወደ አንድ ጉድባ አመለከተው።

«አባባ፣ እዚያ ውስጥ ተኝቷል። በጎቼ ሲጠጉት ዝም ይላል፤ እኔን ሲያይ ግን ወደ ጢሻው ይገባል።»

በጉድባው አጠገብ ካለው ምንጭ ዳር ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም ነበር። በጭቃው ላይ የውሻ እግር ዱካ ታየ፤ አራት ጣትና አራት ጥፍር። በእርሱም ላይ የተረገጠ ሌላ ዱካ ነበር። እርሱም አራት ጣትና አራት ጥፍር ያለው ነው፤ ነገር ግን ይበልጥ ሰፊ ነው። እረኛው አይቶ «ይኸ የጅብ ነው፤ ሌሊት ሊጠጣ ይመጣል» አለ።

የልጅ ልጁ ይህን በሰማ ጊዜ ወደ ጢሻው ሊገባ ተነሣ። ሽማግሌው እጁን ይዞ አስቀረው። ቀኑ ወደ ማታ አዘንብሎ፣ ጅብ የሚጠጣበት ቦታ በግልጽ ታውቆ፣ የሚወዱት እንስሳ በድንጋይ ውርወራ ርቀት ላይ ሳለ አለመሮጥ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ቢሮጡበት ወደ ተራራው ማዶ ይሻገራል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ እረኛም አይገኝም። ስለዚህ ሽማግሌው ልጁን ሌላ ሥራ ሰጥቶ ሰደደው። «ወደ ቤት ሂድና ከሠራተኛይቱ ጋር ደጁን ጠብቁ። ቡቺ በራሱ ቢመለስ በሩ ተዘግቶ እንዳያገኝ» አለው። ይህም ማባበያ አልነበረም፤ ብዙ ውሻ ሌሊት በራሱ እግር ተመልሶ፣ በሩ ተዘግቶ ስላገኘው እንደ ገና ጠፍቷል።

ከጉድባው በላይ የአንድ የደን ጠባቂ ጎጆ ነበረች። ሽማግሌው በዚያ እንዲያድር ተፈቀደለት። በጉያው በመረቅ የራሰ እንጀራ ይዞ ነበርና በጉድባው አፍ ሊያኖረው አሰበ፤ ጠባቂው ግን ከለከለው።

«አባባ፣ መረቅ ቢያኖሩ ጅቡን ይጠሩበታል። የለበሱትን ልብስ ይተዉለት። እሱንም ከጉድባው በላይ ያድርጉት እንጂ በታች አይሁን። ማታ የጎጆዬ ጢስ ሁልጊዜ ወደ ቁልቁለቱ ነው የሚወርደው።»

ጠባቂው ይህን የተማረው ከጢሱ ነው፤ ምክሩም እውነት ነው። ፀሐይ ስትገባ በተራራ ላይ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፤ ስለሚከብድም እንደ ውኃ ወደ ሸለቆው ይፈስሳል፤ ሽታንም ይዞ ይወርዳል። በሰው አፍንጫ ውስጥ ሽታ የሚቀበሉት ሕዋሳት 5 ወይም 6 ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ በውሻ አፍንጫ ግን ከ100 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ስለዚህ ጆሮውን በፍርሃት የደፈነ ውሻ እንኳ በአፍንጫው ይሰማል። ሽማግሌው ማታ ማታ የሚደርበውን፣ ከክረምቱ ወዲህ ያልታጠበውን ጋቢ ከትከሻው አውርዶ ከጉድባው በላይ አነጠፈው። ብርዱን ለራሱ አስቀረ።

ያን ሌሊት ጨረቃ አልነበረችም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጅቦች በጅረቱ በኩል ጮኹ፤ ከዚያም በቅርብ ጮኹ፤ ከዚያም ዝም አሉ። ለሚጠብቅ ሰው ዝምታቸው ከጩኸታቸው ይከፋል። በጃፓን አገር በቶኪዮ ከተማ ሐቺኮ የሚባል ውሻ ነበረ። ጌታው እ.ኤ.አ. በ1925 ቢሞት፣ በሺቡያ ባቡር ጣቢያ ከዘጠኝ ዓመት በላይ እየተመላለሰ ጠበቀው፤ ሰዎችም በ1934 ሐውልት አቆሙለት። የሚገባው ነው። ውሻውን ሲጠብቅ በብርድ ላደረ ሰው ግን ሐውልት ሲቆም እምብዛም አይታይም፤ ይልቁንም ጎረቤት «ለውሻ ብሎ!» እያለ ይሥቅበታል። ጠባቂው ግን አልሣቀም፤ እሳቱን እየቆሰቆሰ አብሮ ነቅቶ አደረ።

ሲነጋጋ ሽማግሌው ወደ ጋቢው ወረደ። ጋቢው እንዳነጠፈው አልነበረም። በመካከሉ ክብ ሆኖ ተጎድጉዶ ነበር፤ ቀይ ጠጉርም ተጣብቆበት ነበር። ቡቺ ሌሊት መጥቶ ተኝቶበት ኖሯል። ሽማግሌው እጁን ቢያኖርበት ቦታው ገና ይሞቅ ነበር።

ያን ጊዜ ስሙን መጥራት እንዴት ያጓጓ ይሆን! እርሱ ግን አልጠራውም። ከጋቢው ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ጀርባውን ለጉድባው ሰጥቶ፣ በሣሩ ላይ ተቀመጠ። እንጀራውን አውጥቶ ይበላ ጀመር፤ በየጊዜውም ቁራሽ ወደ ኋላው ይጥል ነበር። ደግሞም በቤቱ እንደ ልማዱ፣ ለማንም ሳይሆን፣ ይናገር ጀመር፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በርበሬ ዋጋ፣ ስለ ጉልበቱም ሕመም አንድ በአንድ አወራ። የደን ጠባቂው ከሩቅ ቆሞ ያይ ነበር፤ አልቀረበም፤ በዚያች ሰዓት ሊረዳ የሚችለው በዚህ ብቻ ነበረና።

ብዙ ቆይቶ በኋላው የማላመጥ ድምፅ ሰማ። ዘወር አላለም፤ ወደ ጉልበቱ ሕመም ተመለሰ። ሁለተኛው ቁራሽ ከፊተኛው በቅርብ ተበላ። ከዚያ ውሻው ዞሮ ከነፋሱ በታች መጣና ቆመ፤ አነፈነፈም። በመጨረሻም ቀዝቃዛ አፍንጫ በክርኑ ሥር ገባ። ውሻው አቃሰተ፤ ሰውነቱም ሁሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ በሆዱም ተኝቶ ራሱን በሽማግሌው ጭን ላይ ጣለ። ሽማግሌው በዚያን ጊዜ ስንኳ ከላይ አልያዘውም፤ ከላይ የሚመጣ እጅ ለፈራ እንስሳ እንደ ድንጋይ ነውና። እጁን ከታች በደረቱ በኩል አስገብቶ አሻሸው፤ አስቀድሞ ያዘጋጀውንም ገመድ በቀስታ በአንገቱና በደረቱ አሳልፎ አሰረው። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ፈተነ። ከዚያ በኋላ ብቻ «ቡቺ» አለው።

ሲመለሱ በትልቁ መንገድ አልሄዱም። ዕለቱ እሑድ ነበርና መንገዱ መኪናና የቤተ ክርስቲያን ሰው ሞልቶበት ነበር፤ አንድ ጊዜ የደነገጠ ውሻ ደግሞ በጥቂት ነገር ይደነግጣል። በባሕር ዛፉ መካከል በእግር መንገድ ቁልቁል ወረዱ። ሁለት ጎረምሶች ጭቃ የለበሰውን ውሻ ባዩ ጊዜ ጎንበስ አሉ፤ ሽማግሌውም ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ፣ «ልጆቼ፣ የእኔ ነው፤ ጤነኛ ነው» አላቸው። እነርሱም ድንጋዩን ጥለው መንገድ ለቀቁለት።

በቤቱ በሩ ክፍት ነበር። ልጁ በመቃኑ ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ሲነቃ ውሻውን አይቶ ሊጮኽ አፉን ከፈተ፤ አያቱም ጣቱን በከንፈሩ ላይ አደረገ። ልጁ እንዳይይዘው ታዞ ስለ ነበረ ሁለቱን እጆቹን ከጭኑ ሥር አድርጎ ተቀመጠ። ቡቺም እግሩን፣ ጉልበቱን፣ ፊቱንም አሸተተ፤ ከዚያም በእግሩ ላይ ተጋድሞ ተኛ።

መጀመሪያ ውኃ ሰጡት፤ ምግቡንም በጥቂት በጥቂቱ አደረጉት። ከመዳፉ ሁለት እሾኽ ወጣ። ሰውነቱን ሁሉ ገልጠው ንክሻ ፈለጉበት፤ አላገኙም። ቢሆንም ሰኞ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰዱት፤ የዱር አውሬ ነክሶት እንደ ሆነ ጠጉር ሊሸፍነው ይችላልና። የቆርቆሮው ጥግ በድንጋይና በጭቃ ተደፈነ። ሠራተኛይቱ በአንገት ማሰሪያው ላይ የቤቱን የስልክ ቁጥር በክር ጠለፈች፤ ቁጥሩም ከሩቅ የሚነበብ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደመራና የእንቁጣጣሽ ማታ ቡቺ በደጅ አያድርም፤ በውስጠኛው ክፍል፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ሽማግሌው አጠገቡ እየተቀመጠ ስለ በርበሬ ዋጋ ያወራለታል።

በሚቀጥለው እሑድ እረኛው ልጅ ውሻውን ለማየት ከእንጦጦ ወረደ። ሽማግሌው ምሳ አበላው፤ ሃምሳ ብርም ሰጠው። ቡቺ ግን እንደ ማንኛውም እንግዳ ሰንሰለቱ እስኪወጠር ድረስ ጮኸበት። ልጁም ከበሩ ኋላ ተሸሽጎ እየሣቀ፣ «አባባ፣ ያ ፈሪ ውሻ ይኸ ነው?» አለ።